ሁለት ጊዜ የወጣ ነጠላ ዜማ

ባለፈው እትም ሮክሴት ስለተባለው የስዊድን የፖፕ ጥምረትና «ኢት መስት ሃቭ ቢን ላቭ» ስለተሰኘው የፍቅር ዘፈኑ አጭር ማስታወሻ ካወጣን በኋላ ከአንባቢዎቻችን በርከት ያሉ ጥያቄዎች ደርሰውናል። ተመሳሳዮቹን አንድ ላይ አድርገን፣ ለየት ያሉትንም መርጠን ከዚህ በታች መልስ ሰጥተንባቸዋል። ዓመታቱ ሁሉ በጎርጎርዮሳውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

ጥያቄ፦ ይህን ዘፈን ከልጅነቴ ጀምሮ የማውቀው በፊልም ውስጥ እንደሰማሁት ሆኖ ነው። በቅርቡ ግን በዚያው ዜማና በዚያችው ድምፃዊት ድምፅ ስለ ገና ቀን የሚናገር ሌላ ቅጂ ሰማሁ። ዘፈኑ ከታወቀ በኋላ ለበዓል ገበያ ተብሎ እንደገና የተሠራ ነው ወይስ ሌላ ሰው ነካክቶ ያወጣው?

መልስ፦ ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። ገናን የሚጠራው ቅጂ የመጀመሪያው ሲሆን፣ እርስዎ ከልጅነትዎ ጀምሮ የሚያውቁት ከዚያ በኋላ የተስተካከለው ነው። በ1987 የሮክሴት አሳታሚ የነበረው ኢኤምአይ የተባለው የሙዚቃ ኩባንያ የጀርመን ቅርንጫፍ፣ ሮክሴት አንድ የገና ዘፈን ቢኖረው በጀርመን ሬዲዮ ጣቢያዎች ለመደመጥ ይቀለው ነበር የሚል ሐሳብ አቀረበ። ከሮክሴት ሁለት አባላት አንዱ የሆነው ፔር ጌስሌ ሐሳቡን ተቀብሎ ግጥሙንና ዜማውን ደረሰ፤ ክላረንስ ኧፍቨርማን በፕሮዲውሰርነት ሥራውን መራ፤ ሁለተኛዋ አባል ማሪ ፍሬድሪክሰን ዘፈነችው። ነጠላ ዜማው በዚያው ዓመት መጨረሻ በስዊድን ሲወጣ ከዋናው ርዕስ ቀጥሎ «ክሪስማስ ፎር ዘ ብሮክን ሃርትድ» የሚል ተቀጥላ ነበረው፤ ገና ልባቸው ለተሰበረ እንደማለት ነው። በስዊድን የሽያጭ ሰንጠረዥ ላይ ከመጀመሪያዎቹ አምስት ዘፈኖች ተርታ ገባ። ሐሳቡን ያመነጨው የጀርመን ቅርንጫፍ ግን ዘፈኑን ሳያወጣው ቀረ፤ በሙዚቃ ንግድ ውስጥ እንዲህ ያለው ነገር ብዙም አያስደንቅም። በዓሉ ሲያልፍ ዘፈኑም አብሮ አለፈ፤ በጊዜው በየትኛውም የሮክሴት አልበም ውስጥ አልተካተተም ነበርና ከስዊድን ውጭ የሚያውቀው ሰው እጅግ ጥቂት ነበር።

ከዚያ በኋላ «ፕሪቲ ዉመን» የተባለው፣ ጌሪ ማርሻል ያዘጋጀውና ጁሊያ ሮበርትስና ሪቻርድ ጊር የተወኑበት የአሜሪካ ፊልም ሲሠራ ሮክሴት ዘፈን እንዲሰጥ ተጠየቀ። ጌስሌ እንደሚተርከው በወቅቱ አዲስ ዘፈን ጽፎ ለመቅዳት የሚበቃ ጊዜ ስላልነበራቸው፣ አስቀድሞ የተሠራውንና ከስዊድን ያልወጣውን ይህን ዘፈን አቀረቡ። ፊልሙ ስለ ገና ስላልነበረ በዓሉን የሚጠራው ቃል መነሳት ነበረበት። ማሪ እንደገና ገብታ የዘፈነችው ቃሉ የሚገኝበትን አንድ መስመር ብቻ ነው፤ አስቸጋሪ የገና ቀን ይል የነበረው አስቸጋሪ የክረምት ቀን ሆነ፤ ክረምት ሲባል እዚህ ላይ የአውሮፓ የብርድ ወቅት ማለት ነው። መግቢያው ተለወጠ፣ በቅንብሩም ላይ አንዳንድ መሣሪያዎች ተጨመሩ። ከዚህ በስተቀር በፊልሙ የሚሰሙት ድምፅ በ1987 የተቀዳው ድምፅ ነው።

በእኔ ግምት ለውጡ ዘፈኑን አላጎደለውም፤ እንዲያውም ጠቅሞታል። ምክንያቱ በግጥሙ መክፈቻ ላይ ይገኛል፤ ዘፋኟ ገና ስትጀምር ትራሷ ላይ የሚያርፍ ሹክሹክታን ትለምናለች፣ ክረምቱ ውጭ መሬት ላይ እንዲቀር ትፈልጋለች፣ ብቻዋን ትነቃለች፣ መኝታ ቤቱን ዝምታ ሞልቶታል። ብርዱ ከመጀመሪያው ስንኝ ጀምሮ እዚያው ስለነበረ፣ ኋላ የተተካው ቃል ከውጭ የመጣ አልነበረም። እንዲያውም እንግዳው ገና ነበር ማለት ይቻላል፤ በጠቅላላው ግጥም ውስጥ በዓሉን የሚያስታውስ ሌላ ዋና ነገር ስለሌለ፣ አንዱ መስመር ሲነሳ የሚናጋ ክፍል አልነበረም። ሁለቱን ቅጂዎች አከታትሎ የሚሰማ ሰው፣ የመጀመሪያው በዓመት ውስጥ ለጥቂት ሳምንታት ብቻ የሚያገለግል፣ ሁለተኛው ግን በማንኛውም ወር ሊሰማ የሚችል መሆኑን ወዲያው ይረዳል። የግጥም ደራሲ ከትእዛዝ ተነስቶ ሲጽፍ ትእዛዙ ከሚጠይቀው በላይ አርቆ ሊሄድ እንደሚችል ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አላውቅም።

ጥያቄ፦ ባለቤቴና እኔ አንስማማም። እሱ ዘፈኑን ያስጠራው ፊልሙ ነው፣ ያለ ፊልሙ ማንም አይሰማውም ነበር ይላል። እኔ ደግሞ ዘፈኑ በራሱ ይበቃ ነበር ባይ ነኝ። በተጨማሪም ደስ ብሎ የሚያልቅ ፊልም ስለተጨናገፈ ፍቅር የሚናገር ዘፈን ለምን እንደመረጠ አይገባኝም።

መልስ፦ እመቤቴ፣ ባለቤትዎ ግማሽ እውነት ይዘዋል፣ እርስዎም እንዲሁ።

ከፊልሙ እንነሳ። «ፕሪቲ ዉመን» በመጋቢት 1990 በአሜሪካ ሲኒማ ቤቶች መታየት ጀመረ፤ ዘፈኑ በሰኔ ወር ቢልቦርድ የተባለውን የአሜሪካ የሙዚቃ መጽሔት የመቶ ዘፈኖች ሰንጠረዥ ለሁለት ሳምንት መራ። በዓመቱ መጨረሻ በተጠናቀረው የ1990 ሰንጠረዥም የሁለተኛነትን ደረጃ ያዘ። በስዊድን ብቻ የሚታወቅ፣ ከሁለት ዓመት በላይ የቆየ ቀረጻ በጥቂት ወራት ውስጥ እዚህ የደረሰበትን ፍጥነት ያለ ፊልሙ ማብራራት አይቻልም። የንግዱንም ጎን መርሳት አይገባም። የፊልሙን ሙዚቃ በአልበም ያሳተመው ኢኤምአይ ሲሆን፣ ሮክሴትም የኢኤምአይ ጥምረት ነበር። ስለዚህ ፊልሙ አልበሙን፣ አልበሙ ነጠላ ዜማውን፣ ነጠላ ዜማውም ተመልሶ ፊልሙን የሚያስተዋውቅበት መንገድ ከመጀመሪያው የተዘረጋ ነበር።

ይሁን እንጂ አሜሪካውያን አድማጮች በ1990 የሮክሴትን ድምፅ ሲሰሙ የመጀመሪያቸው አልነበረም። ከአንድ ዓመት በፊት «ዘ ሉክ» የተሰኘው ፈጣን ዘፈናቸው የአሜሪካን ሰንጠረዥ መርቶ ነበር፤ የዚያም አመጣጥ ራሱን የቻለ ታሪክ ነው። የኩባንያው የአሜሪካ ቅርንጫፍ አልበማቸውን ለማሳተም ፈቃደኛ ባልነበረበት ጊዜ፣ በስዊድን ሲማር የቆየ አንድ አሜሪካዊ ተማሪ ወደ ሚኒያፖሊስ ሲመለስ አልበሙን ይዞ ሄደ፤ ለአንድ የከተማው ሬዲዮ ጣቢያም ሰጠ፤ ጣቢያው ዘፈኑን ሲያጫውት አድማጮች ደጋግመው መጠየቅ ጀመሩ፤ ሌሎች ጣቢያዎችም ተከተሉት። በኅዳር 1989 «ሊስን ቱ ዩር ሃርት» የተባለው ለስላሳ የፍቅር ዘፈን እንደዚሁ አንደኛ ወጣ፤ በ1990 መጀመሪያ ላይ ደግሞ «ዴንጀረስ» ሁለተኛ ደረጃ ደረሰ። ስለዚህ ፊልሙ ሲመጣ የሬዲዮ አዘጋጆች ድምፁን ያውቁት ነበር፣ አድማጩም ቀጣዩን ይጠብቅ ነበር። ስሙ ያልተሰማ ቡድን በዚያው ፊልም ውስጥ በዚያው ዘፈን ቢቀርብ ኖሮ እዚያ ይደርስ ነበር ብሎ ለመናገር የሚደፍር ሰው ያለ አይመስለኝም።

ለምን አሳዛኝ ዘፈን ተመረጠ ለሚለው፣ መልሱ ዘፈኑ የገባበት ቦታ ነው። ፊልሙ ደስ ብሎ ቢያልቅም ከመጨረሻው ጥቂት ቀደም ብሎ ሁለቱ ፍቅረኛሞች ይለያያሉ፤ ሴቲቱ በመኪና ስትሄድ የምንሰማው ይህን ነው። እዚህ ላይ የግጥሙ አንድ ጠባይ ጎልቶ ይወጣል። ዘፋኟ ፍቅር ሳይሆን እንዳልቀረ፣ አሁን ግን እንዳበቃ ትናገራለች እንጂ ማን ማንን እንደተወ፣ በምን ምክንያት እንደሆነ አትናገርም፤ እንዴት እንዳጣችው ራሷም በውል የምታውቅ አትመስልም። ስም የለም፣ ክስ የለም፣ የተፈጸመ በደል የለም። በዚህ የተነሳ ጌስሌ ስለ ፊልሙ ምንም ሳያውቅ የጻፈው ቃል፣ ከብዙ ጊዜ በኋላ ለተቀረጸ ትዕይንት ሆን ተብሎ የተጻፈ እስኪመስል ድረስ ገጠመ። ዝርዝር ነገር የበዛበት ግጥም ቢሆን ኖሮ ከምስሉ ጋር መጣላቱ አይቀርም ነበር።

ጥያቄ፦ በጽሑፋችሁ ውስጥ «በነጠላ ዜማ ወጣ» የሚለው አባባል ደጋግሞ ይመጣል። አልበሙ ውስጥ ያለ ዘፈን በነጠላም ቢወጣ ባይወጣም ያው አይደለምን?

መልስ፦ ዛሬ ልዩነቱ እየደበዘዘ መጥቷል፤ በዚያን ጊዜ ግን እጅግ ትልቅ ነበር። በደቂቃ 45 ጊዜ የሚዞረውን ትንሹን ሸክላ አርሲኤ ቪክተር የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ በ1949 ለገበያ አቀረበ፤ በአንድ ገጹ አንድ ዘፈን፣ በሌላኛው ገጽ ሌላ ዘፈን ይይዛል። አድማጭ አልበሙን በሙሉ ሳይገዛ የወደደውን አንዱን ብቻ ሊገዛ የሚችለው በዚህ መንገድ ነበር። ኩባንያው ለሬዲዮ የሚልከው፣ የቪዲዮ ክሊፕ የሚሠራለትና ማስታወቂያ የሚያወጣለትም ለነጠላ የተመረጠው ዘፈን ነው። ከሁሉ በላይ ደግሞ የቢልቦርድ የመቶ ዘፈኖች ሰንጠረዥ እስከ 1998 መጨረሻ ድረስ የሚቀበለው በነጠላ ለሽያጭ የቀረበን ዘፈን ብቻ ነበር። አንድ ዘፈን በሬዲዮ ቀን ከሌት ቢሰማ እንኳ በመደብር በነጠላ የማይገኝ ከሆነ በሰንጠረዡ ላይ ቦታ አልነበረውም።

ሮክሴት በዚህ ታሪክ ውስጥ ትንሽ የራሱ ድርሻ አለው። «ሊስን ቱ ዩር ሃርት» በ1989 በአሜሪካ አንደኛ ሲወጣ በመደብር ይሸጥ የነበረው በካሴት ነጠላ ብቻ ነበር፤ በትንሹ ሸክላ ሳይሸጥ የዚያን ሰንጠረዥ አናት የያዘ የመጀመሪያው ዘፈን ሆነ። ሸክላው ከአርባ ዓመት በኋላ ቦታውን እየለቀቀ መሄዱን ያሳየ አጋጣሚ ነበር።

ጥያቄ፦ ማሪና ፔር ፍቅረኛሞች ነበሩን?

መልስ፦ አልነበሩም። ከ1970ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ሃልምስታድ በተባለችው የስዊድን ከተማ የሙዚቃ ሰዎች መካከል ይተዋወቁ የነበሩ ጓደኛሞች ነበሩ፤ ሁለቱም በ1990ዎቹ ከሌላ ሰው ጋር ትዳር መሥርተዋል። ወንድና ሴት አብረው የፍቅር ዘፈን ሲዘፍኑ ይህ ጥያቄ ሁልጊዜ ይነሳል፤ ኩባንያዎችም ጥርጣሬውን ለማስወገድ ብዙ የሚደክሙ አይመስለኝም።

ጥያቄ፦ ግጥሙንና ዜማውን የጻፈው ወንዱ ከሆነ፣ ለምን ራሱ አልዘፈነውም? ስሜቱስ የማን ነው ሊባል ይችላል? ሙዚቃ የሚማር ልጄ «እውነተኛ አርቲስት የራሱን ዘፈን ራሱ ይጽፋል» እያለ ይከራከረኛል።

መልስ፦ የልጅዎ አስተሳሰብ በወጣቶች ዘንድ በጣም የተለመደ ነው፤ ነገር ግን ብዙ ትልልቅ ዘፈኖችን ከቁጥር ያስወጣል። የሮክሴት አሠራር በሥራ ክፍፍል ላይ የተመሠረተ ነበር። ጌስሌ ቀደም ሲል ዩለኔ ቲደር በተባለ ታዋቂ የስዊድን ባንድ ውስጥ የሠራ የዜማና የግጥም ደራሲ ነው፤ ማሪ ደግሞ ከ1984 ጀምሮ በስዊድንኛ የራሷን አልበሞች ያወጣች፣ በአገሯ በቂ ስም የነበራት ድምፃዊት ነበረች፤ እሷም በራሷ አልበሞች ላይ ዘፈን ትጽፍ ነበር። ሁለቱ በ1986 በእንግሊዝኛ ለመዝፈን ሮክሴትን ሲያቋቁሙ ማን ምን እንደሚሠራ ከየግል ሥራቸው ያውቁት ነበር። ፈጣንና ተጫዋች የሆኑትን ዘፈኖች አብዛኛውን ጊዜ ጌስሌ ይመራል፤ ድምፅ ወደ ላይ መውጣት ያለባቸውን ለስላሳ ዘፈኖች ማሪ ትይዛለች። ድንበሩም በድርድር የሚለይ ነበር፤ «ዘ ሉክ» መጀመሪያ ለእሷ የታሰበ ሲሆን፣ እንደማይስማማት ስለተሰማት እሱ ዘፈነው።

አሁን ወደ ተነሳንበት ዘፈን እንመለስ። ጌስሌ ጎበዝ ደራሲ ቢሆንም ድምፁ ጠበብ ያለና ለንግግር የቀረበ ነው፤ ይህን ዜማ ቢዘፍነው ኖሮ ደስ የሚል ግን የሚረሳ ነገር ይወጣው ነበር ብዬ እገምታለሁ። ማሪ በመጀመሪያዎቹ ስንኞች ላይ የምታደርገውን ልብ ብሎ መስማት ያስፈልጋል። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ ለራሷ የምታወራ ያህል ትጀምራለች፤ ቃላቱን አትጎትትም፣ አታለቅስባቸውም። አዝማቹ ሲደርስ ድምፁ በአንድ ጊዜ ይከፈታል። ብዙ ድምፃውያን በዚህ ዓይነት ዘፈን ላይ የሚሳሳቱት ከመጀመሪያው ጀምሮ ኀዘናቸውን በሙሉ ስለሚያወጡ ነው፤ አዝማቹ ሲመጣ የሚጨምሩት ነገር አይቀራቸውም። እሷ ግን አዝማቹ በተደጋገመ ቁጥር የምትሰጠው ትርፍ ጉልበት አላት፤ ወደ መጨረሻው አካባቢ ደግሞ ከተጻፈው ዜማ ወጣ እያለች በነፃነት ትዘፍናለች፣ ተቀባዮቹ ግን አዝማቹን ጠብቀው ይቀጥላሉ። በዚህ ጊዜ ስሜቱ የማን ነው ብሎ መጠየቅ ትርጉም ያጣል፤ ቃሉ የእሱ ነው፣ የምናምነው ግን በእሷ ምክንያት ነው።

ቅንብሩን በተመለከተ ልጅዎ ሊነቅፍ ቢፈልግ መንገድ አለው። ከበሮው በሰፊ አዳራሽ ውስጥ የሚመታ ይመስል በማስተጋቢያ የተሞላ ነው፤ የኪቦርዱ ድምፅም ዘመኑን ወዲያው ያሳብቃል። የ1980ዎቹ መጨረሻ ትልልቅ የፍቅር ዘፈኖች ሁሉ ማለት ይቻላል ይህን ልብስ ለብሰዋል፤ ጌስሌ ራሱም «ሊስን ቱ ዩር ሃርት» የአሜሪካን የኤፍኤም ሮክ ግዙፍ ድምፅ ለመምሰል ታስቦ የተሠራ መሆኑን አልደበቀም። እኔ በበኩሌ በዚህኛው ዘፈን ላይ ቅንብሩ ከዜማው በላይ ለመጮኽ እንዳልሞከረ አስባለሁ፤ በሌሎቹ ላይ ግን ሁልጊዜ እንዲህ ነው ለማለት አልችልም።

ለክርክርዎ የሚረዳ ሌላ ምሳሌ ቢያስፈልግዎ፣ ወንድምና እህት የነበሩትን አሜሪካውያን ዘፋኞች ካርፐንተርስን ይጥቀሱለት። በ1970 በአሜሪካ ለአራት ሳምንት አንደኛ ሆኖ የቆየው «ክሎዝ ቱ ዩ» የሁለቱም ድርሰት አልነበረም፤ በርት ባካራክና ሃል ዴቪድ የጻፉት፣ ከ1963 ጀምሮ ሌሎች ሰዎችም የቀዱት ዘፈን ነበር። ሪቻርድ እንደገና አቀናበረው፣ ካረን ዘፈነችው፤ ዛሬ ዘፈኑ ሲነሳ በአብዛኛው ሰው አእምሮ የሚመጣው የእነሱ ቅጂ ነው።

ጥያቄ፦ የተለያዩትን ቅጂዎች ለይቼ ለመሰብሰብ እፈልጋለሁ። የት የት ልፈልጋቸው?

መልስ፦ የ1987ቱ ቅጂ በስዊድን በወጣው ሸክላ ላይ ይገኛል፤ ሸክላውን ማግኘት ካልቻሉ ግን «ፐርልስ ኦቭ ፓሽን» የተባለው የሮክሴት የመጀመሪያ አልበም በ1997 እንደገና ሲታተም በጭማሪነት ስለተካተተ ከዚያ ላይ ያገኙታል። በ1986 የወጣው የዚያ አልበም የመጀመሪያ እትም ዘፈኑን አልያዘም፤ ስለዚህ ሲገዙ የኅትመቱን ዓመት ማየት አይርሱ። ሁሉም የሚያውቀው የ1990ው ቅጂ በፊልሙ የሙዚቃ አልበምና በ1995 በወጣው «ዶንት ቦር አስ፣ ጌት ቱ ዘ ኮረስ» በተሰኘው የተመረጡ ዘፈኖች ስብስብ ውስጥ አለ። በብሪታንያ ነጠላ ዜማው በ1990 ሦስተኛ ደረጃ ከደረሰ በኋላ በ1993 እንደገና ታትሞ ከመጀመሪያዎቹ አሥር ተርታ ገብቷል፤ ስለዚህ ሁለት የብሪታንያ እትሞች ሊያጋጥሙዎት ይችላሉ። በ1992 በወጣው «ቱሪዝም» አልበም ላይ ደግሞ የካንትሪ ሙዚቃ ቃና ያለው ሌላ አቀራረብ አለ። ያ የ1980ዎቹ ግዙፍ ቅንብር ከዘፈኑ ላይ ሲነሳ ዜማው ምን ያህል እንደሚቆም ለማወቅ የሚፈልግ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ ይህንኛውን ቢሰማ እመክራለሁ።